የተበላው ዕቃና በላተኛው



አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ማውረድ ወሬ አይሆንም። ከመርካቶ እስከ ሳሪስ በየጋራዡ ደጃፍ ቴስታታው የተነሣ ሞተር ሸራ ለብሶ፣ ቶርኖ ቤት የሄደ ክራንክሻፍቱን ሲጠብቅ ይታያል። የተለወጠው የሥራው ክብደት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ ዛሬ መንገድ ላይ ላለው ቤንዚንና ናፍታ ጠጪ መኪና ተስፋው ሌላ መኪና ሳይሆን በደንብ የታደሰ የራሱ ሞተር ነው። ቀድሞ ለጥቂት ወር ያህል ተጠግኖ የሚሸጠው መኪና አሁን ለዓመታት እንዲሠራ ይፈለጋል።

የተለመደው አሠራር ግን አልተለወጠም። ሞተሩ ጭስ ያወጣል፣ ዘይት ይበላል። ይወርዳል፣ ይከፈታል፣ ፋሻና ብሮንዝ ይቀየራል፣ ይገጠማል። ዓመት ሳይሞላ ያው ሰማያዊ ጭስ ይመለሳል። ባለቤቱ ዕቃውን ይረግማል፤ መካኒኩ ዘይቱን ያማል፤ ዕቃ ሻጩ ሹፌሩን ይከሳል። ሁሉም የዘለሉት ጥያቄ አንድ ነው፦ ፋሻው መበላቱ ታውቋል፤ የበላው ግን ማን ነው? በላተኛው ካልተገኘ አዲሱ ዕቃ የሚገባው ለዚያው በላተኛ ቀለብ ሆኖ ነው።

ነገሩ በደፈናው እንዳይሆን አንድ የሞተር ቤተሰብ ይመረጥ። ለዓመታት የአዲስ አበባን ሰው ሲያመላልስ የኖረው የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ በየዘመኑ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የሚባሉ የናፍታ ሞተሮችን ተሸክሟል። ሦስቱም ባለ አራት ሲሊንደር ናቸው። 2ኤል የሲሊንደሩ ስፋትም የፒስተኑ ጉዞም 92 ሚሊ ሜትር ሆኖ 2,446 ሲሲ ይይዛል፤ 3ኤል 2,779፣ 5ኤል ደግሞ 2,986 ሲሲ ነው። ብዙ መካኒክ እጁን የፈታባቸው ሞተሮች በመሆናቸው ትክክለኛውም የተሳሳተውም አሠራር በእነሱ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ምርመራው የሚጀምረው መፍቻ ከመነሣቱ በፊት ነው። ጭስ ቀለም ብቻ ሳይሆን ሰዓትም አለው። የቤንዚን መኪና ከእንጦጦ ቁልቁል እግር ከነዳጅ ላይ ተነሥቶ ወርዶ፣ ታች ሲደርስ ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ቡን አድርጎ ከተወ፣ የሚጠረጠረው የቫልቮላ ግንድ ላይ ያለው የዘይት ማገጃ ጎማ ወይም የቫልቮላው መሪ ቀለበት ነው። ሽቅብ ሲወጣ፣ ጭነት በበዛበት መጠን የማይቋረጥ ሰማያዊ ጭስ ከለቀቀ ግን ጥርጣሬው ወደ ፋሻና ወደ ሲሊንደር ይወርዳል። ናፍታ ሞተር ጠዋት ነጭ ጭስ እያወጣ በግድ የሚነሣ ከሆነ ማሞቂያ ካንዴላውና ኮምፕረሽኑ ይታያሉ። ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልጠፋ፣ የራዲያተሩም ውኃ እየጎደለ ከሄደ፣ ነገሩ የቴስታታ ጋስኬት ወይም ስንጥቅ ነው። ጥቁር ጭስ በአብዛኛው የሚመጣው ከነዳጅ ብዛት ወይም ከአየር እጥረት ስለሆነ ኖዝልና የአየር ማጣሪያ ሳይታዩ ሞተር የሚወርድበት ምክንያት የለም።

ቀጥሎ የኮምፕረሽን መለኪያው ይመጣል፤ እዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷ ወጥመድ አላት። የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ ለ2ኤል ሞተር ጤነኛ ኮምፕረሽን ብሎ የሚሰጠው 32 ኪሎ ግራም በካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ዝቅተኛው ወሰን 20፣ በሲሊንደሮቹ መካከል የሚፈቀደው ልዩነት ደግሞ 5 ነው። ከተማዋ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ፒስተኑ የሚያምቀው ያገኘውን አየር ነው፤ ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ 32 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ቃሊቲ ላይ ሲለካ 24 ገደማ ቢያሳይ አልደከመም። ይህን ያላሰበ መካኒክ የመጽሐፉን ቁጥር ብቻ አይቶ ደህናውን ሞተር ያወርዳል። ከመጽሐፉ ቁጥር ይበልጥ የሚታመነው አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማነጻጸር ነው። አራቱም 23 እና 24 ላይ ከቆሙ ሞተሩ እኩል ነው፤ ሦስቱ 24 ሆነው አንዱ 16 ካለ ችግሩ የዚያ የአንዱ ነው።

ዝቅ ያለው ሲሊንደር ተገኘ ማለት ግን ምክንያቱ ተገኘ ማለት አይደለም። በቤንዚን ሞተር በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት የቆየ ዘዴ ነው፤ ንባቡ ከፍ ካለ ፋሻው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቮላው ይጠረጠራል። ናፍታ ላይ ይኸው ዘዴ ያሳስታል። የ2ኤል አንድ ሲሊንደር 611 ሲሲ ያህል አየር ስቦ 30 ሲሲ ወደማይሞላ ጠባብ ቦታ ስለሚያምቀው፣ የፈሰሰው ዘይት ራሱ ቦታ ይዞ ንባቡን ከፍ ያደርገዋል፤ ከበዛም ቢየላ እስከ ማጣመም ይደርሳል። የተሻለው መንገድ ፒስተኑን በኮምፕረሽን ጫፍ ላይ አቁሞ በሲሊንደሩ ውስጥ የኮምፕሬሰር አየር መስደድና ጆሮ መጣል ነው። አየሩ በማርሚታው በኩል ካፏጨ የጭስ ማውጫው ቫልቮላ፣ በአየር ማስገቢያው ካፏጨ የመግቢያው ቫልቮላ አይዘጋም። በዘይት መሙያው አፍ ከተነፈሰ ፋሻው አልያዘም። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከነሣ ጋስኬቱ ነዷል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሞተሩ መውረድ አለበት ወይስ ቴስታታው ብቻ ይነሣ የሚለውን የሚወስነውም እሱ ነው።

የዘይት ግፊትም በዳሽቦርድ መብራት ሳይሆን በመለኪያ ይታያል። ብዙ የቶዮታ መጻሕፍት ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ ሲሠራ ቢያንስ 0.3፣ በ3,000 ዙር ቢያንስ 2.5 ኪሎ ግራም በካሬ ሳንቲ ሜትር ይጠይቃሉ። ሞተሩ ሲሞቅ ግፊቱ ከዚህ ከወረደ ብሮንዙ ሰፍቷል፣ ፓምፑ ደክሟል ወይም ዘይቱ ቀጥኗል። የመጨረሻውን ለማጣራት ዘይትና ፊልትሮ መቀየር ይበቃል፤ ርካሹ ምርመራ ሁልጊዜ ይቅደም።

አሁን ሞተሩ ይከፈት። ከመታጠቡ በፊት ግን ይታይ። በየጋራዡ የሚፈጸም አንድ ትልቅ ጥፋት የተፈታውን ዕቃ ሁሉ ወዲያው በናፍታ በርሜል ውስጥ መዝፈቅ ነው። ፒስተኑ ላይ የተጋገረው ካርቦን፣ በዘይት መያዣው ሥር የተኛው ዝቃጭ፣ በአየር ቱቦው ውስጥ ያለው የአቧራ ፈለግ ሁሉም ማስረጃ ነው። የክራንክሻፍቱ የብሮንዝ ክዳኖች በፋብሪካ ከብሎኩ ጋር አብረው የተበሱ ስለሆኑ ቦታቸውና አቅጣጫቸው ምልክት ይደረግባቸዋል፤ የቢየላ ክዳንም ከራሱ ቢየላ ጋር ብቻ ይኖራል። የሦስተኛው ክዳን ከሁለተኛው ቢየላ ጋር ከተጋባ አዲስ ብሮንዝ አያድነውም።

ሲሊንደር ከላይ እስከ ታች እኩል አይበላም። ከፍተኛው መበላት የላይኛው ፋሻ ከሚመለስበት ቦታ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገኛል። እዚያ ሙቀቱ ይበረታል፣ ዘይቱ ያንሳል፤ የቃጠሎው ግፊት ደግሞ ከፋሻው ጀርባ ገብቶ ፋሻውን ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። ከዚያ በላይ ፋሻው ስለማይደርስ ያልተበላ ቀለበት ይቀራል፤ በጥፍር ሲዳሰስ እንደ እርከን የሚቆመው እሱ ነው። ቢየላው ፒስተኑን አጋድሎ ስለሚገፋው ሲሊንደሩ በጎንም ሞላላ ይሆናል። ስለዚህ በቦር ጌጅ ሲለካ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በየከፍታውም በሞተሩ ርዝመትና በአግድሙ ይለካል፤ ለአንድ ሲሊንደር ስድስት ቁጥር ማለት ነው። ብዙዎቹ የቆዩ የቶዮታ ሞተሮች መበላቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ካለፈ ሲሊንደሩ ይስፋ ይላሉ። ከዚያ ወሰን አልፎ በተበላ ሲሊንደር ውስጥ ስታንዳርድ ፋሻ መክተት ገንዘብ መጣል ነው፤ ፋሻው ወደ ላይ ሲወጣ እየተከፈተ፣ ሲወርድ እየተዘጋ በየደቂቃው በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይተነፍሳል፤ ብዙም ሳይቆይ ይደክማል ወይም ይሰበራል።

ቦር ጌጅ የሌለው ጋራዥ ብዙ ነው። ለእሱ አንድ አዲስ ፋሻና የፊለር ጌጅ ስስ ብረቶች ይበቃሉ። ፋሻው ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል፣ በፒስተን አናት ተገፍቶ ይስተካከላል፣ የጫፎቹ ክፍተት ከታች ባልተበላው ቦታ ይለካል። ከዚያ ወደ ላይኛው የተበላ ቦታ ይወጣና እንደገና ይለካል። የሁለቱ ልዩነት ለ3.14 ሲካፈል የሲሊንደሩ መስፋት ይገኛል። ከታች 0.40፣ ከላይ 0.90 ሚሊ ሜትር ከተነበበ ልዩነቱ 0.50 ነው፤ ሲካፈል 0.16 ይሆናል። ይህ ሲሊንደር ገና ወሰኑን አላለፈም፤ በጥሩ ሆኒንግና በአዲስ ፋሻ ሊኖር ይችላል። ልዩነቱ 0.70 ቢሆን ኖሮ ግን መስፋቱ 0.22 ገደማ ሆኖ ነገሩ በቶርኖ ቤት ያልቅ ነበር። የክፍተት ልዩነቱ ሞላላነትን አያሳይም፤ የቦር ጌጅ ምትክ አይደለም፤ ከግምት ግን እጅግ ይሻላል።

እዚህ ላይ ነው በላተኛው የሚፈለገው። አንድ ሚኒባስ ሞተሩ ከታደሰ በኋላ ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ መጣ እንበል። ፋሻዎቹ ከአንድ ፒስተን ላይ በቅደም ተከተል ወርደው ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። የላይኛው ፋሻ ክፉኛ ሳስቶ፣ የሲሊንደሩም አናት ተበልቶ፣ የታችኛው የዘይት ፋሻ ግን ደህና ከሆነ ቆሻሻው የገባው ከላይ፣ ከአየሩ ጋር ነው። የአፈር አቧራ ውስጥ ያለው ሲሊካ ሲሊንደሩ ከተሠራበት ብረት ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ አደገኛው ደግሞ ለዓይን የሚታየው አሸዋ ሳይሆን በዘይቱ ስስ ሽፋን መጠን ያለው፣ ከ5 እስከ 20 ማይክሮን የሚለካው ዱቄት ነው። በተቃራኒው የዘይት ፋሻው ከላይኛው ይበልጥ ከተበላና ብሮንዞቹ በጥቃቅን ቅንጣት ከተወጉ ቆሻሻው የሞተሩን ዘይት ተከትሎ መጥቷል፤ ያረጀ ፊልትሮ ወይም በእድሳቱ ጊዜ በደንብ ያልታጠበ ብሎክ ይጠረጠራል።

የመጀመሪያው ዓይነት ሆኖ ከተገኘ መካኒኩ ከሞተሩ ፈቀቅ ብሎ የአየር ማጣሪያውን ቤት ይከፍታል። ማጣሪያው አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ከእሱ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የላስቲክ ቱቦ ግን በእጥፋቱ ላይ ተሰንጥቆ፣ ወይም ማሰሪያው ላልቶ ይገኛል። ማስረጃው ከቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ነው፤ ከማጣሪያው በኋላ ባለው ክፍል ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲታሽ ቡናማ ከያዘ አቧራው መንገድ አግኝቷል። ማጣሪያን በኮምፕሬሰር አየር ደጋግሞ መንፋትም ወረቀቱን ይቀድዳል። በአዲስ ፋሻና በቶርኖ ቤት ብዙ ሺህ ብር ከወጣበት ሞተር ጎን ያንን የተሰነጠቀ ቱቦ መልሶ መግጠም እድሳቱን ገና ከጋራዥ ሳይወጣ ማባከን ነው።

ብሮንዝ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይናገራል። ከጀርባው ብረት፣ በመሐሉ የመዳብ ቅይጥ፣ ከፊቱ ደግሞ ሁለት መቶኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ለስላሳ ግራጫ ሽፋን ያለው ዓይነት በብዛት ይገኛል። ግራጫው ተበልቶ የመዳብ ቀለም ብቅ ሲል ዕድሜው ማለቁን ያሳያል። ዋናው ነገር የተበላበት ቦታ ነው። የቢየላው የላይኛው ግማሽና የክራንክሻፍቱ የታችኛው ግማሽ የቃጠሎውን ጉልበት የሚሸከሙ ስለሆኑ ቀድመው መበላታቸው ተፈጥሯዊ ነው። የአንዱ ቢየላ የላይኛው ብሮንዝ በአንድ ጠርዝ፣ የታችኛው በተቃራኒው ጠርዝ ከተበላ ግን ቢየላው ጠሟል፤ የፒስተኑም ጎን ሰያፍ ሆኖ ሲበላ ይገኛል። በጎርፍ ጊዜ ውኃ ስቦ የቆመ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ይህንኑ ነው። ሁሉም ብሮንዞች አንድ ላይ ተልጠውና ጠቁረው ከተገኙ ዘይት ተቋርጦ ነበር። ሽፋኑ ደርቆ እንደተሰነጣጠቀ የኩሬ ጭቃ ቁርስራሽ ሆኖ ከረገፈ ደግሞ ብሮንዙ የሞተው በጭነት ድካም ነው፤ ከመጠን በላይ ነዳጅ እንዲረጭ የተደረገ ፖምፓ ወይም ከአቅም በላይ የሚጫን መኪና ከጀርባው አለ።

ብሮንዙ ሲነሣ ጀርባውም ይገለበጥ። ከኋላው የተቀበረ አንድ የብረት ቅንጣት ብሮንዙን ወደ ፊት ገፍቶ አንዲት ቦታ ላይ ያፋጨዋል፤ ይህ የዘይቱም የሹፌሩም ጥፋት ሳይሆን የገጣሚው ነው።

ክራንክሻፍቱ በማይክሮሜትር ይለካል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች የሞላላነቱም ሆነ የሹልነቱ ወሰን 0.02 ሚሊ ሜትር ነው። ካለፈ ይሞረድና በ0.25 ወይም በ0.50 ያነሰ መጠን ያለው ብሮንዝ ይገጠምለታል። ቶርኖ ቤቱ ሲሞርድ በማዕዘኑ ላይ ያለውን ክብ ጥግ ሹል አድርጎ ከቆረጠው ዘንጉ በትልቅ ዳገት ላይ ከዚያ ቦታ ሊሰበር ይችላል። ላዩ በኬሚካል የጠነከረ ክራንክሻፍት ከሆነም ሞረዱ ጠንካራውን ቆዳ ሊያነሣበት ስለሚችል፣ መጽሐፉ መሞረድ ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድሞ ይጣራ።

ሌላው በላተኛ ሙቀት ነው፤ ቅዝቃዜም ይጨመርበታል። ውኃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጤነኛ የራዲያተር ክዳን 0.9 ባር ያህል ግፊት ስለሚይዝ የመፍያ ነጥቡን ከ110 ዲግሪ በላይ ያወጣዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን ያንን ሁሉ ያሳጣል፤ ሞተሩ ዳገት ላይ በተለመደው የሥራ ሙቀቱ እያለ ውኃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቴስታታው ውስጥ ኪስ ይሠራል፣ ቴስታታው ይጣመማል። ለዚህ መድኃኒት ተብሎ የሚደረገው ደግሞ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ሞተሩ ያን ጊዜ ላይፈላ ይችላል፤ በጠዋት ብርድ ግን በቂ ሙቀት ላይ አይደርስም። የቃጠሎው ውኃና አሲድ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ይረጋል፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ ዘይቱን ያቀጥናል። እንግሊዝ ውስጥ በ1930ዎቹ በሲሊንደር መበላት ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያኔውኑ ያሳዩት ይህንኑ ነበር፦ ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ሲሊንደሩ በዝገት ጭምር ይበላል። ቴርሞስታቱ ተነቅሎ የመጣ ሞተር ሲታደስ ቴርሞስታቱም ክዳኑም በዕቃው ዝርዝር ውስጥ ይግቡ።

የተጣመመ ቴስታታ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ተጋድሞበት፣ በሥሩ ፊለር ጌጅ እየተሞከረ በርዝመቱ፣ በስፋቱና በሁለቱ ሰያፍ ይለካል። የሚፈቀደው መጥመም እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል። ከማስላጥ በፊት ግን ስንጥቅ ይፈለግ፤ በተለይ በሁለቱ ቫልቮላዎች መካከል ያለው ቀጭን ድልድይ። ካምሻፍቱ ቴስታታው ላይ በሚቀመጥበት ሞተር ደግሞ ዘንጉ በእጅ በነፃነት መዞሩ ይሞከር፤ ታችው ተልጦ ቢቃና እንኳ ላይኛው መቀመጫ እንደተጣመመ ሊቀር ይችላል። ናፍታ ላይ ማስላጥ ሌላ ዕዳ ያመጣል። የጋስኬቱ ውፍረት የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት በላይ በሚወጣበት ልክ ሲሆን፣ ከሱቅ የተገኘውን ጋስኬት ዝም ብሎ መግጠም ቫልቮላና ፒስተን እስከ ማጋጨት ይደርሳል።

በከባድ መኪኖች ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። ውኃ በቀጥታ የሚነካው ላይነር ከውጭ በኩል፣ ፒስተኑ በሚገፋበት ጎን፣ በጥቃቅን ጉድጓዶች ተበሳስቶ ይገኛል። ላይነሩ ሲንቀጠቀጥ በውኃው ውስጥ የሚፈጠሩ አረፋዎች እየፈነዱ ነው ብረቱን የሚቦረቡሩት። መከላከያ ኬሚካል የሌለበት ንጹሕ የቧንቧ ውኃ ይህን ያፋጥነዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የዕቃ ዝርዝር የሚጻፈው። በሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ያለውን አስተውሎ መግዛት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አዲስ ፒስተን ከሳጥኑ ወጥቶ በማይክሮሜትር ይለካ፤ ሳጥኑ ላይ 0.50 ኦቨርሳይዝ (ከመደበኛው የሰፋ) ቢጻፍም ሲሊንደሩ መስፋት ያለበት በተለካው ፒስተን ልክ እንጂ በጽሑፉ አይደለም። ስለዚህ ፒስተኑ ሳይገዛ ብሎኩ ቶርኖ ቤት አይሄድም። ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ሞተር ለመግጠም የሚያስብም ቢሆን ኮምፕረሽኑንና የዘይት መያዣውን ሳያይ ባይገዛ ይሻለዋል፤ የሌላ አገር በላተኛ ምን ያህል እንደበላው ከውጭ አይታይም።

ብሎኩ ከቶርኖ ሲመለስ ግድግዳው ላይ ሰያፍ የሆኑ፣ እርስ በርስ የሚቋረጡ ስስ ጭረቶች መታየት አለባቸው፤ ዘይት የሚይዙትና ፋሻውን የሚያላምዱት እነሱ ናቸው። በጭረቶቹ ውስጥ ግን የሆኒንጉ ድንጋይ ዱቄት ተቀርቅሯል። ናፍታና ቤንዚን ዘይቱን ብቻ ያጥባሉ፤ ዱቄቱን ወደ ጭረቱ ውስጥ ያስገቡታል እንጂ አያወጡትም። የሚያወጣው ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ነው። በዘይት የራሰ ነጭ ጨርቅ በሲሊንደሩ ውስጥ ታሽቶ ግራጫ ከያዘ ገና ነው፤ እንደገና ይታጠባል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ብሎኩ በአየር ይደርቅና ዝገት ሳይቀድመው ወዲያው ዘይት ይቀባል። የክራንክሻፍቱ የዘይት ቀዳዳዎችም ቀጭን ብሩሽ ይግባባቸው፤ የሞረዱ ዱቄት የሚደበቀው እዚያ ነው። ይህ ሥራ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ ሒሳብ ሲጻፍ ግን ማንም አይጠቅሰውም፣ ስለዚህም ቀድሞ የሚዘለለው እሱ ነው።

ሲገጠም መለካት አያበቃም። የአዲስ ፋሻ የጫፍ ክፍተት ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ይፈተሻል፤ ለመነሻ የሚያገለግለው ልማድ ከሲሊንደሩ ስፋት አራት ሺህኛ ያህል ነው፤ ለ92 ሚሊ ሜትር 0.37 ገደማ። ከጠበበ ሲሞቅ ጫፎቹ ይጋጠሙና ፋሻው ግድግዳውን ይቧጥጣል። ጽሑፍ ያለበት ፊቱ ወደ ላይ ይሆናል፣ ክፍተቶቹም በአንድ መስመር አይሰለፉም። የብሮንዙ ክፍተት ፕላስቲጌጅ በሚባለው ስስ ክር ይለካል፤ ክሩ ዘንጉ ላይ ይጋደማል፣ ክዳኑ በመጽሐፉ ልክ በቶርክ መፍቻ ይጠብቃል፣ ዘንጉ ሳይዞር ተመልሶ ይፈታል፣ የተዳጠው ክር ስፋት ከወረቀቱ ላይ ይነበባል። በብዙ የቤትና የቀላል ጭነት መኪኖች ከ0.02 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር ያለው ጥሩ ነው። አንዴ ተስቦ የሚጠብቅ ዓይነት የቴስታታ ቡሎን ደግሞ መልሶ አይገጠምም።

እስካሁን የተለካው ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ለባለቤቱ ይሰጥ። ባለቤትም ከደረሰኙ ጋር ይጠይቅ፤ የየሲሊንደሩ ስድስት ቁጥሮች፣ የክራንክሻፍቱ ልክ፣ የተገጠመው ኦቨርሳይዝ፣ እንዲሁም የመጀመሪያው መበላት ምክንያት ምን እንደነበረ የሚገልጽ አንድ መስመር። ከዓመታት በኋላ ሞተሩን የሚከፍተው ሌላ መካኒክ ከዜሮ አይጀምርም።

ሞተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚታየው የዘይት ግፊት ነው። ፋሻ ወደ ግድግዳው የሚገፋው በቃጠሎው ጋዝ ስለሆነ፣ አዲስ ሞተር ለሰዓታት በሚኒሞ ቆሞ ማጉረምረም አይጠቅመውም፤ ጭረቶቹ ሳይላመዱ በተቃጠለ ዘይት ይለብሳሉ። መጠነኛ ጭነት ባለበት መንገድ፣ ዙሩ ከፍና ዝቅ እያለ መነዳት አለበት። ከመጀመሪያው 500 ወይም 1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየራሉ፤ የወጣው ፊልትሮ ግን አይጣልም። ቆርቆሮው ተቆርጦ ወረቀቱ ይዘረጋል፣ ዘይቱ ይጨመቃል፣ በፀሐይ ብርሃን ይታያል። ደቃቅ የብረት ብናኝ የፋሻው መላመድ ነው። ማግኔት የማይስበው፣ የመዳብ ቀለም ያለው ቅርፊት ከተገኘ ግን ብሮንዝ እየተላጠ ነው፤ የዘይት መያዣው ወርዶ የቢየላ ክዳኖቹ በዚያው ሳምንት ይታዩ፤ ክራንክሻፍቱ ገና ሳይጫር በአንድ ጥንድ ብሮንዝ ዋጋ ያልቃል።